ዱባይ ትቆይ፤ መጀመሪያ ሐረር

ባለፈው ሳምንት ስለ እህቴ ልጅና ስለ ባለቤቷ እዚህ ቻናል ላይ አራት መስመር ብጽፍ ኢንቦክሴ ሞልቶ ሰነበተ። የጻፍኩት ይህን ነበር። ልጆቹ ጥር ላይ ተጋቡ። የጫጉላ ሽርሽር ሳይሄዱ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አሁን እቁብ ስለደረሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ብቻ ሆነው ለሦስት ቀን አንድ ከተማ ሄደው ማረፍ ፈለጉ። «ጋሼ፣ የት ብንሄድ ይሻላል ይላሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ዱባይ ትቆይ፣ ሐረር ሂዱ» አልኳቸው። በቃ፣ ይኸው ነው።

የመጣልኝ መልስ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው «አንተ ምን አገባህ? በሕይወት አንዴ የሚገኝ ነገር ነው፣ ልጆቹን ለምን ታሳንሳቸዋለህ?» ይላል። ሁለተኛው «ሰው እየሞተ፣ ሰው እየተራበ፣ አንተ ሽርሽር ታስተምራለህ?» ይላል። ሦስተኛው አጭር ነው፤ «መንገዱስ?» ብቻ ይላል። ሦስተኛዎቹን ከልቤ አመሰግናለሁ፣ እመለስባቸዋለሁ። ከሁለቱ ጋር ግን ዛሬ እንነጋገራለን። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

*

ከዱባይ እንጀምር። ልጆቹ የመረጡትን «ፓኬጅ» ልከውልኝ አየሁት። አራት ሌሊት ነው። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛ፣ ሆቴል፣ በረሃ ላይ በመኪና ሽቅብ ቁልቁል መጋለብ፣ ጀልባ ላይ እራት። ዋጋው በዶላር ተጽፎ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ክፍያው በዕለቱ ምንዛሪ ይሰላል» ይላል። ሰው የማያነባት ይህችን ደቃቅ ፊደል ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲህም ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አላየነውም። የኤምሬቶች ድርሃም ደግሞ እንደኛ ብር አይዋልልም፤ ከዶላር ጋር ከታሰረ ዘመን የለውም፣ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው። ይህ ማለት ዱባይ ላይ ማንም ነጋዴ ዋጋ ሳይጨምር፣ አንዲት ስኒ ሻይ በዚያው ዋጋዋ ቆማ፣ ለእኛ ብቻ እጥፍና ከዚያ በላይ ሆናለች። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። የሁለቱ ደመወዝ እጥፍ ሆኗል? መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እቁቡ ደግሞ የፓኬጁን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። ቀሪውን «በስድስት ወር ቀስ እያላችሁ ትከፍላላችሁ» ተብለዋል። የሠርጉን ዕዳ ገና እየከፈሉ መሆናቸውን አትርሱ! ሦስት ሊሞዚን፣ ሁለት ካሜራ፣ አንድ ድሮን፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ መልስ፣ ቅልቅል። ለአንድ ቀን ለአምስት መቶ ሰው ታይተው፣ በማግሥቱ ለሁለት ሰው የሚሆን የአውቶቡስ ገንዘብ አጡ። የጫጉላ ሽርሽሩን የበላው ሠርጉ ነው። እና አሁን የሠርጉን ዕዳ ሳይጨርሱ በላዩ ላይ የሽርሽር ዕዳ ሊደርቡበት ነው።

ዱባይን በዋጋዋ ብቻ ልከሳት አልፈልግም። ገንዘብ ያለው ይሂድ፤ ከተማዋም መታየት የሚገባት ከተማ ናት። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚሄዱት ለምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ሊተዋወቁ ነው። አብሮ መኖርና አብሮ መንገድ መውጣት አንድ አይደለም። ቤት ውስጥ ያልታየ ጠባይ መንገድ ላይ ይወጣል። ማን በጠዋት ይነሣል? ማን ገንዘብ ይሰስታል? ማን መንገድ ሲጠፋው ሰው ይጠይቃል፣ ማን ደግሞ «አውቀዋለሁ» ብሎ ድርቅ ይላል? ፓኬጅ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላችሁ ሰው ስማችሁን ወረቀት ላይ ጽፎ ይጠብቃል፣ ወደ ሆቴል ያደርሳችኋል፣ በሰዓቱ መጥቶ ይወስዳችኋል፣ ፎቶ የምትነሡበትን ቦታ በጣቱ ያሳያችኋል። ሁለት ሻንጣ ከመሆን በምን ይለያል?

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው ጉዞ የሚታቀደው ለፎቶው ነው። ፎቶው ለዘመድ፣ ለጓደኛ፣ ለቀድሞ ፍቅረኛ የሚላክ ደረሰኝ ነው። የሚያሳዝነኝ ልጆቹ ደረሰኙን ለማሳየት ስድስት ወር ሽሮ እየበሉ የሚከፍሉት መሆኑ ነው።

«ድሮም የጫጉላ ሽርሽር ነበር፣ አንተ ነህ ያላየኸው» ያለኝ ሰው አለ። ወንድሜ፣ ጫጉላ ጉዞ አልነበረም። ጫጉላ ቤት ነበር። ለሙሽሮቹ ተብላ የምትሠራ ትንሽ ጎጆ፣ ሚዜዎች ደጅ ሆነው የሚጠብቋት። ሁለቱ ከሰው ዓይን ተከልለው የሚሰነብቱበት ነው። ከሰው ዓይን መከለል! ቃሉን ከአያቶቻችን ወስደን ነገሩን ገለበጥነው፤ ዛሬ ጫጉላ ማለት ከሁሉ በላይ የምንታይበት ሳምንት ሆኗል።

*

አሁን ወደ ሁለተኛዎቹ። «ሰው እየሞተ ሽርሽር» ላላችሁኝ።

ንግግራችሁን አልንቀውም። በዚህ አገር ሐዘን የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥር ላይ የእነዚህ ልጆች ሠርግ ስትጠሩ «ሰው እየሞተ አልበላም» ብላችሁ ቀራችሁ? እኔ አላየሁም። ክትፎው ሲመጣ ማንም ስለ አገር አላነሣም። ሁለት ወጣቶች ሦስት ቀን ሊያርፉ ነው ሲባል ግን አገር ትዝ አለን። የድግስ ወጪ ለአምስት መቶ ሰው ስለሚደርስ ደግነት ይባላል፤ የዕረፍት ወጪ ለሁለት ሰው ስለሆነ ቅንጦት ይባላል።

ደግሞስ ከተማ በሐዘኔታ ብቻ ይኖራል? ቱሪስት የተለማመዱ ከተሞቻችን መጀመሪያ በኮሮና፣ ቀጥሎ በጦርነት እንግዳ አጥተው የስንቱ አስጎብኚ፣ የስንቱ ምግብ ቤት፣ የስንቱ ሸማኔ ጎጆ ነው የቀዘቀዘው? ሁለት ልጆች ሐረር ሄደው የሚያወጡት ገንዘብ ባጃጅ ነጂ ጋ፣ እንግዳ የምታሳድር እናት ጋ፣ ሰፌድና ሌማት የምትሰፋ ሴት ጋ ይደርሳል። ጀልባ ላይ ለሚበላ የዱባይ እራት የሚከፈለው ግን ማን ጋ እንደሚደርስ እናውቃለን።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ ወጣት በነበርንበት ጊዜ አዲስ ተጋቢ አውቶቡስ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ይሄድ ነበር። ጎንደር ይሄድ ነበር። ገንዘብ ጠፍቶ እንጂ መንገድ ጠፍቶ የቀረ አላውቅም። ዛሬ የእህቴን ልጅ «የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ስላት ከተማ አልጠራችልኝም፤ «የት ሰላም ነው?» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ ውጪ የምታውቀው አዳማንና ቢሾፍቱን ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ወደ ሰሜን በመኪና መሄድ ለእሷ ትውልድ ከዝርዝሩ ወጥቷል። የገዛ አገሩን ከተሞች በስም ብቻ የሚያውቅ፣ ስለነሱ ግን ስልኩ ላይ ሲጨቃጨቅ የሚውል ትውልድ እያሳደግን ነው። ሐረሬን ሳያይ ስለ ሐረሪ የሚጽፍ፣ ወላይታን ሳይረግጥ ስለ ወላይታ የሚፈርድ። ይኼ ነው ሽርሽርን ከቅንጦት የሚያወጣው ለእኔ።

«መንገዱስ?» ያላችሁኝ ሦስተኛዎቹ እዚህ ላይ ትክክል ናችሁ። ችግሩ የመንገዱ ብቻ አይደለም፤ የወሬው ነው። ዛሬ ማለዳ የትኛው መንገድ ክፍት ነው? ስንት ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ ይበጃል? ይህንን በይፋ በየቀኑ የሚነግረን ማነው? ሰው የሚያጣራው ከሾፌር፣ ከአጎት ልጅ፣ ከቴሌግራም ወሬ ነው። በድሮን የተቀረጹ ቆንጆ ቆንጆ ቪዲዮዎች አሉን፤ ፏፏቴው ያምራል፣ ሙዚቃው ልብ ይነካል። እዚያ ፏፏቴ ጋ ስንት ሰዓት ላይ ምን ተሳፍሬ እንደምደርስ ግን ቪዲዮው አይነግረኝም።

ሪዞርቶቹንም ልንካቸው። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ «ገበታ ለሀገር» ሲጀመር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ተመረጡ። ሥራው ተሠርቷል፣ አልክድም፤ ወንጪን ያየ ሰው ወንጪ አያምርም አይልም። ነገር ግን የሪዞርት የአንድ ሌሊት ዋጋ ከአንድ ነርስ የወር ደመወዝ አጠገብ አስቀምጣችሁ አንብቡት። ለማን ነው የተሠራው? ለዲያስፖራና ለስብሰባ ከሆነ እንደዚያ ይባል። ደግሞም ሪዞርት ከተማ አይደለም። በር ላይ ጥበቃ አለ፣ ውስጡ ሣር አለ፣ ከጎረቤት ጋር የሚያገናኝ ነገር የለም። ለመጀመሪያ ጉዞ ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ገብቶ የሚጠፋበት ከተማ ነው።

*

ለምን ሐረር? ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ «ከተማ» ማለት ነው። ሌላ ስም አላስፈለጋትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠራው የጀጎል ግንብ ዛሬም ቆሟል፤ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ነው። ውስጡ 48 ሄክታር ገደማ ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የአውልያ ቦታዎች አሉ። አምስቱ ጥንታዊ በሮች ሐረሪው በሚጠራቸው ስም አስማዲን፣ አርጎ፣ ሱቁጣጥ፣ በድሮና አሱም ናቸው፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ፈላና በር እንላቸዋለን። ስድስተኛው፣ መኪና የሚገባበት፣ በኋላ የተከፈተ ነው። አንዱ በር ሁለት ስም ሲኖረው ሁለት ታሪክ እንዳለው ልብ በሉ።

ለልጆቹ የሰጠኋቸውን ዕቅድ ልዘርዝር፤ ጠያቂው ብዙ ስለሆነ።

አስቀድሞ ቀኑን ቁጠሩ። ሦስት ቀን ካላችሁ ሁለቱን ለአስፋልት አትስጡ። ከአዲስ አበባ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይሄዳል፣ መመለሻው ሌላ ሙሉ ቀን። ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ናት። «አውሮፕላን ውድ ነው» ትላላችሁ፤ ነው። ግን የዱባዩን ሂሳብ አጠገቡ አድርጋችሁ እዩት። ባቡርም አለ፤ ከአዲስ አበባ ዳር ተነሥቶ ድሬዳዋ ያደርሳል። በየቀኑ ስለማይሄድና የድሬዳዋው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ቀኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይፈልጋል። አራት ወይም አምስት ቀን ያለው ሰው በባቡር ቢሄድ እኔ እቀናበታለሁ።

ድሬዳዋን ዝም ብላችሁ አትለፏት። ከተማዋን የወለዳት የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ተራራው ስለከበደው ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚራ ውስጥ በዛፎቹ ጥላ ሥር ሂዱ፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ እዩ፣ ምሳችሁን ብሉ። ሙቀቱ ያደክማል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ወደ ላይ ውጡ። 50 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፤ ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይቀየራል። ሐሮማያ ሐይቅ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ እያላችሁ ስትከራከሩ ትደርሱበታላችሁ። ደርቆ ነበር፤ ውኃው ተመልሷል። አወዳይ ላይ የጫት ገበያውን በመስኮት ማየት ይበቃል።

ማደሪያ ላይ አልስማማም ያለኝ የእህቴ ልጅ ባል ነው። ከግንቡ ውጪ ባለ ፎቅ ሆቴል ፈለገ። እኔ ደግሞ ጀጎል ውስጥ፣ በሐረሪ ቤት፣ «ጌይ ጋር» በሚባለው፣ ቤተሰብ የሚያሳድርበት ቦታ እደሩ አልኩ። በስልክ ደውሎ መያዝ ይቻላል። ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መጸዳጃው የጋራ ነው ወይ? ውኃ አለ ወይ? በሩ ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል? (የሐረር ውኃ ነገር የቆየ ጣጣ ነው፤ ባልዲ ስታዩ አትገረሙ።) ቢራ የሚፈልግ ከግንቡ ውጪ ወጥቶ ይጠጣ፤ የሰው ቤት ነው።

በዚያ ቤት ማደሩ ለምን እንደሚሻል ልንገራችሁ። ስትገቡ ደረጃ ደረጃ የሆኑ፣ በቀይ የተቀቡ መደቦች ታያላችሁ። ማን የትኛው መደብ ላይ እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። ግድግዳው በስፌት ሥራ ተሸፍኗል። ከሳሎኑ በስተግራ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። የቤቱን እናት «ይህቺ ለምንድን ናት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። በሐረሪ ልማድ አዲስ ተጋቢዎች ከሠርጉ በኋላ ለአንድ ሳምንት የሚገቡት እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር፤ ምግብም በመስኮት ነበር የሚቀበሉት። የእኛን ጫጉላ ጎጆ አስታወሳችሁ? አንዱ ደጋ ላይ በጭራሮ፣ ሌላው ጀጎል ውስጥ በድንጋይ፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሁለት ወጣቶች ይህን በዓይናቸው አይተው ቢመለሱ ስለ አንድነት ከተነገራቸው ዲስኩር ሁሉ ይበልጣል እላለሁ።

ሁለተኛውን ቀን በጠዋት ጀምሩ። መታወቂያ ያለው የከተማዋ አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉ የከተማዋ ልጅ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡት ቅርስ ያለበት ሙዚየም በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው። ራስ ተፈሪና እቴጌ መነን የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ቤት ነው እየተባለም ይነገራል። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥት የሆነ ሰው ሐረር ከበቃው ለእኛ ያንሰናል? የሬምቦ ቤት የሚባለውንም እዩ፤ እንጨት ሥራው ድንቅ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር ውስጥ ለዓመታት መነገዱ እውነት ነው፤ እዚያ ቤት ግን አልኖረም። አስጎብኚው ኖሯል ካላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ከዚያ አስጎብኚውን አመስግናችሁ ሸኙና ጥፉ። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉት። መንገዶቹ እጅግ ጠባብ ናቸው፤ አንዱ «የእርቅ መንገድ» ይባላል፣ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሳይነካኩ መተላለፍ ስለማይችሉ። ብትጠፉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ግንቡ ይመልሳችኋል። መኪና ግርግር የሚሉት የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ በስፌት መኪናዎቹ ድምፅ መሃል ቁሙ፤ ጠዋት የተሰጠ ጨርቅ ማታ ቀሚስ ሆኖ ይወጣል። ፈጢራ ብሉ፣ ፉል ብሉ፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ቅመሱ። ከምሳ በኋላ ከተማዋ ጫቷን ይዛ ጋደም ትላለች፤ እናንተም ተኙ። ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ የሚበላበት ቦታ ሂዱ። ጉልበት ያለው ሥጋውን በአፉ በያዘው እንጨት ያብላ። እኔ አላበላሁም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሐረር ስትሄዱ እንግዳ ሆናችሁ ሂዱ። ፈረስ መጋላ ላይ ያለው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆመበት ቦታ ቀድሞ መስጊድ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሆነው ለአንዳችን ድል፣ ለሌላችን ሐዘን ነው። እዚያ ደርሶ «ይኸ ሁሉ የኛ ነው» እያሉ መፎከር ከእንግዳ አይጠበቅም። ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሣት፣ አውልያ ጋ ከመግባት በፊት መጠየቅ፣ እሷም ነጠላዋን መያዝ። ይኸው ነው። የሐረር ሰው እንግዳ ይወዳል።

ጊዜውን መምረጥ ከቻላችሁ ሸዋል ኢድን አስቡበት። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ተጹሞ ሲያበቃ የሚከበር የሐረሪ በዓል ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል። ወጣቶች የሚተጫጩበት በዓል ስለሆነ ለአዲስ ተጋቢ ይስማማል። ማደሪያ ግን ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ጎዳና ላይ ታድራላችሁ።

*

አሁን ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ።

በ1996 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሦስተኛ ወራችን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችን ብቻ ከአዲስ አበባ ወጣን። የሄድንበትን ከተማና ሆቴሉን አልጠራም። ሌሊቱን ተነሥተን፣ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ተቀጥቅጠን፣ አቧራ ለብሰን ደረስን። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ መታወቂያችንን ጎን ለጎን አድርጎ አየ። «ስማችሁ አይገናኝም» አለ። ወንድሜ፣ በዚህ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትቀይርም! የእሷ አባት ሌላ፣ የእኔ አባት ሌላ፣ እንዴት ሊገናኝ ይችላል? ቀለበታችንን አሳየነው። «ቀለበትማ መርካቶም ይሸጣል» አለን። የጋብቻ ወረቀት ከሌለን ሁለት ክፍል መያዝ ግዴታችን እንደሆነ ነገረን። መሽቷል፣ ሌላ ሆቴል መፈለጊያ ጉልበት የለንም፣ ሁለት ክፍል ያዝን፣ የሁለት ክፍል ከፈልን። ሌሊት በግድግዳው በኩል ቆ ቆ ታደርግብኝ ነበር፤ እኔም እመልስላታለሁ። ዛሬ ስናስታውሰው እንስቃለን። ያን ሌሊት ግን አልቅሳለች።

ሃያ ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት በጻፍኩት ሥር ይኸው ነገር ዘንድሮም እንደደረሰባቸው የነገሩኝ አንባቢዎች ሰባት ናቸው። አንዷ ባሏ እንደሆነ ለማስረዳት እናቷ ጋ ደውላ ስፒከር ላይ አድርጋ አናግራቸዋለች። አስቡት እስኪ! ባለትዳር ሴት፣ ሥራ ያላት፣ ግብር የምትከፍል፣ እናቷን ምስክር ስትጠራ።

ሆቴል መታወቂያ መመዝገቡን አልቃወምም፤ ለጸጥታ ነው፣ ይመዝገብ። የቤቱ ባለቤት በእምነቱ ምክንያት የራሱ ደንብ ካለውም ደንቡን በስልክ አስቀድሞ ይንገረን፣ አክብረን እንሄዳለን ወይም ሌላ እንፈልጋለን። የምቃወመው ደንቡ ጠረጴዛው ጋ የሚወለድ መሆኑን ነው። ሰው ተጉዞ፣ መሽቶበት፣ አማራጭ ካጣ በኋላ የሚነገር ደንብ ሁለተኛ ክፍል መሸጫ ዘዴ ነው። ለውጭ ዜጋ ጥንድ ይህንን ጥያቄ ሲያነሡ አይቼ አላውቅም። «አገርህን እወቅ» እያልን እንመክራለን፤ አገሩን ሊያውቅ የወጣውን ልጅ መጀመሪያ የምንለው ግን «ማን ናት ይህቺ?» ነው። ዱባይ ሆቴል ውስጥ ልጆቹ ይህን አይጠየቁም። ስለ ዱባይ ከተነገሩኝ ክርክሮች መልስ ያጣሁለት ይኸኛው ነው፤ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ልጆቹ ትናንት ማታ ደወሉ። የድሬዳዋ ቲኬት ቆርጠዋል፣ ዓርብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ጀጎል ውስጥ አንዲት እናት ቤት ይዘዋል። ባልየው አሁንም ፎቁን ሆቴል አልረሳውም። ለመመለሻ የሚሆነውን ገንዘብ ለብቻው በፖስታ አድርገው እሷ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጠውታል፤ እንዲህ እንዲያደርጉ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ የጋብቻ ወረቀቱን እንያዘው እንዴ?» አለችኝ።

ያዙት አልኳት።